ትደርሺ ነበር?

እንደምን ሰነበታችሁ። ለምን እንደጠፋሁ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ የላካችሁልኝንም ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ... ስለ አባዬ ለቅሶ ማውራት አልፈልግም። ስለ አንዲት ጥያቄ ነው።

ሊያረዱኝ በማለዳ ከመጡት መካከል ጋሼ ነበሩ፤ ታውቋቸዋላችሁ፣ የእድራችን ዳኛ። አልቅሼ አልቅሼ ሲደክመኝ "ለምን ያኔውኑ አልነገራችሁኝም?" አልኩ። ጋሼ እጄን እንደያዙ "ልጄ፣ ብንነግርሽስ ትደርሺ ነበር?" አሉኝ።

ትደርሺ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ስሌት ሆኗል። እዚህ ዋሽንግተን ካለው ኤርፖርት፣ ከደለስ፣ ቦሌ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። በቀጥታው በረራ 13 ሰዓት ግድም። የሰዓት ልዩነቱ ያን ሰሞን 7 ነበር። አባዬ ያረፈው ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ እዚህ ገና ሰኞ ማታ ነበር፣ እራት አነሳስቼ ዕቃ ሳጥብ። ያኔውኑ ቢደውሉልኝ የማክሰኞን የረፋድ በረራ እይዝ ነበር። ቀብሩ ደግሞ በዚያው ዕለት በ9 ሰዓት። እዚያ 9 ሰዓት ማለት እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ገና ወደ ኤርፖርት ልነሳ ስል። እና ጋሼ ልክ ናቸው ማለት ነው። ግን አንድ ሌሊት ቢያቆዩትስ? ረቡዕ ማለዳ ቦሌ ነበርኩ እኮ! አንድ ሌሊት ብቻ!

አባዬ ራሱ መንገድን በሰዓት የሚቆጥር ሰው ነበር። የደሴ መስመር ሾፌር አይደል። አንዴ ከአዲስ አበባ ስመለስ አውሮፕላኑ ለምን ነዳጅ ሊቀዳ መሀል ላይ እንደሚያርፍ ጠየቀኝ፤ እንደ ዘመኑ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ያርፋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል፣ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው አልኩት። ገና ሳልጨርስ ገባው። "ጣርማ በር ላይ እኮ የኔም መኪና ትንፋሽ ያጥራት ነበር" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለው! ከደለስ ሲነሳ ግን ቦታው ዝቅ ያለ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፣ ሳያርፍ ይገባል። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነበር አጭሩ...

ይቅርታ።

ምን ልል ነበር... አዎ፣ መርዶ። በውጭ ያለ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው ሰው ተሰብስቦ የሚያረዳው፤ ይገባኛል። ሰኞ ማታ ብቻዬን ብሰማው ማን ይይዘኝ ነበር? 13 ሰዓት ሙሉ መሀል ወንበር ላይ ከማላውቀው ሰው ጎን? ምናልባት ደግ ነው ያደረጉልኝ። ምናልባት። ግን እኔ ብጠየቅ ንገሩኝ እል ነበር መሰለኝ... ወይም አሁን ሆኜ ስለማወራ ይሆናል።

ወንድሜን "አንድ ሌሊት ማቆየት ማንም አላሰበም?" ልለው እደውላለሁ። እሱ ስለ አርባው ያነሳል፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ካህናቱ፣ መቼ ትመጫለሽ ይለኛል። እኔም የበረራውን ሰዓት እነግረዋለሁ፣ እና...