መስኮቱን ከመቀየራችሁ በፊት፦ በዲሲ ታሪካዊ ሰፈር ቤት ላላችሁ

ሰላማዊት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታሪካዊ ተብለው በተከለሉ ሰፈሮች ቤት ወይም ንግድ ላላችሁ ነው። ናይንዝ ስትሪት ላይ የኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት አካባቢ የታላቁ ዩ ስትሪት ታሪካዊ ሰፈር ክልል ነው። ሾው፣ ሌድሮይት ፓርክና ሎጋን ሰርክልም እንደዚሁ የተከለሉ ናቸው። ዳዊት፣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው የቱ ላይ ነው?

ዳዊት፦ መዝገቡ ላይ። «ቤቱ በብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ስላለ አይፈርስም» ሲባል ትሰሚያለሽ። የፌዴራሉ መዝገብ ግን የግል ባለቤት በራሱ ገንዘብ ቤቱን ላፍርስ ቢል አያስቆመውም። የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ሲገባበት እንኳ መሥሪያ ቤቱ ጉዳቱን እንዲያጠናና እንዲመካከር ያስገድዳል እንጂ ማፍረስን አይከለክልም። የሚያስቆመው የከተማው ሕግ ነው።

ሰላማዊት፦ የዲሲው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። «ንብረቴ ነው፣ ከተማው ምን አገባው?» ለሚል ሰውም መልሱ የተሰጠው በዚያው ዓመት ነው። የኒውዮርክ ከተማ ከግራንድ ሴንትራል ጣቢያ በላይ የቢሮ ሕንፃ እንዳይሠራ ሲከለክል ባለቤቱ ኩባንያ ከሰሰ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 ለከተማው ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ከተሞች በዚህ ሥልጣን በሙሉ ልብ ይጠቀማሉ።

ዳዊት፦ ሥልጣኑ የተቀመጠው የት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ከግንባታ ፈቃዱ ጋር ነው የታሰረው። ለሕንፃዎች መምሪያ ፐርሚት ስታመለክቺ አድራሻሽ በታሪካዊ ክልል ውስጥ ከሆነ ማመልከቻው በፕላን ቢሮው ሥር ወዳለው የቅርስ ጥበቃ ክፍል ይሄዳል። አብዛኛውን ሥራ ሠራተኞቹ ራሳቸው አይተው ይፈርማሉ። ተለቅ ያለው፣ ማለትም አዲስ ግንባታ፣ ጉልህ ቅጥያ ወይም ማፍረስ፣ ዘጠኝ አባላት ወዳሉት የቅርስ ገምጋሚ ቦርድ ይቀርባል። የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽንም አስተያየት ይሰጣል፤ ቦርዱ ያንን አስተያየት በቁም ነገር የማየት ግዴታ አለበት።

ሰላማዊት፦ እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያድን ምክር አለ። ቦርዱ ሙሉ ፕላን ሳይጠብቅ የመነሻ ሐሳብንም ይገመግማል። ባለቤቱ ለአርኪቴክትና ለስትራክቸር መሐንዲስ ሙሉ ከፍሎ ሙሉ ፕላን ካሠራ በኋላ «ሦስተኛው ፎቅ ከመንገድ ይታያል» ቢባል ፕላኑ እንደገና ሊሠራ ነው። በረቂቅ ስዕል ቀርቦ አስተያየቱን መስማት ይሻላል።

ዳዊት፦ ለፎቅ ቅጥያ ደግሞ ሠራተኞቹ ጣሪያ ላይ እንጨት አቁሙና ጫፉ ላይ ባንዲራ እሰሩ ይላሉ። የአዲሱ ግድግዳ ከፍታ የት እንደሚደርስ በዓይን ለማየት ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ባንዲራው ከታያቸው ዲዛይኑ ወደ ኋላ መሸሽ ወይም ዝቅ ማለት አለበት።

ሰላማዊት፦ አሁን ወደ መስኮት እንግባ፤ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው።

ዳዊት፦ ኮንትራክተሩ «መስኮት ለመቀየር ፐርሚት አያስፈልግም» ይላል። በታሪካዊ ሰፈር ያስፈልጋል። ሠራተኞቹ በመንገድ በኩል ያለውን ፊት ሲያዩ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ መስኮቱ እንደ ድሮው ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል ወይስ ወደ ውጭ ይከፈታል? መስታወቱ ለስንት ተከፍሏል? የፍሬሙ ውፍረትና ቅርጽ ከነባሩ ጋር ይመሳሰላል?

ሰላማዊት፦ ርካሹ ሥራ የሚወድቀው በነዚህ ነው። ነባሩን የእንጨት ፍሬም ሳያወጡ የቪኒል ፍሬም ውስጡ ሲከቱበት መስታወቱ በአራቱም ጎን ይጠባል። የውጭውን የእንጨት ጠርዝ በአሉሚኒየም ይሸፍኑታል። አናቱ ቅስት የሆነውን መስኮት አራት ማዕዘን አድርገው ክፍተቱን በጣውላ ይዘጉታል። በሁለት መስታወት መሐል የተቀበረው ፍርግርግም ጥላ ስለማይጥል ከሩቅ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።

ዳዊት፦ ያለፈቃድ ከተሠራና ተቆጣጣሪ ካየው ሥራ ማስቆሚያ ይለጠፋል፣ ቅጣት ይመጣል፤ ከዚያም አዲሱ መስኮት ወጥቶ ደንቡን የሚያሟላ እንዲገባ ሊታዘዝ ይችላል። ሁለቴ መክፈል ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው ጋር የእያንዳንዱን መስኮት ፎቶ፣ የነባሩንና የአዲሱን ፍሬም ከነልኩ ጎን ለጎን የሚያሳይ ስዕል፣ የአምራቹንም ዝርዝር አያይዙ።

ሰላማዊት፦ እኔ ግን ከመቀየር በፊት መጠገንን አስቡ እላለሁ። የመቶ ዓመት መስኮት እንጨቱ ዘገምተኛ ዕድገት ካለው ዛፍ የተገኘ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። የበሰበሰውን ታችኛ ክፍል ብቻ አስቀይሮ፣ ገመዱን አድሶ፣ ከውጭ ተጨማሪ የክረምት መስታወት ቢገጠምለት ብርድ በመከላከል ወደ አዲሱ ድርብ መስታወት ይጠጋል።

ዳዊት፦ በደንቡ ብዙም የማይወራለት፣ ቤቱን ግን በጣም የሚጎዳው ስቲላቱራው፣ ማለትም የጡቡን መጋጠሚያ የመሙላት ሥራ ነው። የዲሲ የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ የተገነባውም በኖራ ነው። በጡቡ መሐል ያለው ሲረግፍ ግንበኛው ጠንካራ ሲሚንቶ ይሞላበታል። ግድግዳው የጠጣው ውሃ ድሮ በኖራው በኩል ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው መንገዱን ሲዘጋው ውሃው በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፣ በክረምት እዚያው በረዶ ይሆናል፣ የጡቡም ፊት እየተቀረፈ ይረግፋል። የተቀረፈ ጡብ ተመልሶ አይድንም።

ሰላማዊት፦ ልኩን ንገራቸው እንጂ።

ዳዊት፦ ለስለስ ያለው ድብልቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ኖራ፣ ዘጠኝ እጅ አሸዋ ነው። ጡቡ በጣም ለስላሳ ከሆነ ኖራው ይጨምራል። ሁልጊዜ መሙያው ከጡቡ ይልቅ ደካማ መሆን አለበት። አሮጌው የሚወጣው የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ጥልቀት ድረስ ነው። ላይ ላዩን ከተቀባ በጥቂት ዓመት ይወድቃል። የፊት ለፊቱ ጡብ መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ በግራይንደር ከገቡበት የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል። በእጅ መሮ ነው የሚሠራው፤ ቀርፋፋና ውድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ሰላማዊት፦ ደንቡ የማይነካውንም እንንገራቸው፤ ሰው ሳያስፈልገው ይፈራል። የቤቱ ውስጥ፣ ውስጡም ለብቻው የተመዘገበ ካልሆነ በቀር፣ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንደፈለጋችሁ ቀይሩ። የቀለም ምርጫም አይገመገምም። ለምግብ ቤቶች ግን የውጭ ማስታወቂያና የጨርቅ ጥላ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ዳዊት፦ ማፍረስስ? «ፊቱን አስቀርቼ ኋላውን አፈርሳለሁ» የሚል አለ። በዲሲ ደንብ ጣሪያውን፣ ወለሎቹንና የተሸከሙትን ግድግዳዎች ማውጣትም እንደ ማፍረስ ይቆጠራል። ጉዳዩ የከንቲባው ወኪል ወደሚባለው ውሳኔ ሰጪ ይሄዳል፤ እሱም ፈቃዱ ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ መሆኑን፣ ወይም መከልከሉ ባለቤቱን ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ውስጥ የሚከት መሆኑን ይመዝናል።

ሰላማዊት፦ ልዩ ፋይዳ አለው ለሚባል ፕሮጀክት ሲፈቀድ እንኳ የማፍረሻው ፈቃድ ብቻውን አይሰጥም። የአዲሱ ግንባታ ፈቃድ አብሮ መውጣት አለበት፤ ባለቤቱም ለመጨረስ አቅም እንዳለው ማሳየት አለበት። ይህ አንቀጽ በጣም ደስ ይለኛል። አፍርሶ ቦታውን ለዓመታት የመኪና ማቆሚያ ማድረግን የሚከለክል ነውና።

ዳዊት፦ ገና ያልተመዘገበ ሕንፃም የጊዜ ከለላ አለው። ለብቻው እንዲመዘገብ ማመልከቻ ከገባ በኋላ ባለቤቱ የማፍረሻ ፈቃድ ቢጠይቅ፣ ቦርዱ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ወይም አይመዝገብ ብሎ መወሰን አለበት። ማመልከቻውን የሰፈር ኮሚሽኑም ማስገባት ይችላል። ግን ዶዘር ከመምጣቱ በፊት መሆን አለበት።

ሰላማዊት፦ ለንግድ ቤት ባለቤቶች ደግሞ የታክስ ቅናሹ። ገቢ የሚያስገኝ፣ በብሔራዊው መዝገብ ያለ ወይም ለተመዘገበው ሰፈር ታሪክ አስተዋጽኦ ያለው ሕንፃ ሲታደስ የወጪው 20 ከመቶ ከፌዴራል ታክስ ይቀነሳል፤ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ። የሚኖሩበትን ቤት አይጨምርም። ወጪው ደግሞ ከሕንፃው የሂሳብ ዋጋ፣ ማለትም ከተገዛበት ዋጋ ላይ የእርጅና ተቀናሽ ወጥቶ፣ የተጨመረበት ማሻሻያ ተደምሮ ከሚገኘው መብለጥ አለበት፤ መሬቱ አይቆጠርም።

ዳዊት፦ ማመልከቻው ሦስት ክፍል ነው። አንደኛው ሕንፃው ታሪካዊ መሆኑን፣ ሁለተኛው ሊሠራ የታሰበውን፣ ሦስተኛው የተሠራውን ያሳያል። ሁለተኛውን ሥራ ሳይጀመር ማስገባት በጥብቅ ይመከራል፤ ሳይጸድቅለት የሚጀምር በራሱ ኃላፊነት ነው። ቀድሞ መስኮቱን በቪኒል የቀየረ ሰው በዚያ ብቻ ቅናሹን ሊያጣ ይችላል። ሕንፃው አገልግሎት ከጀመረ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ከተሸጠም ከቅናሹ የተወሰነው ይመለሳል፤ በየዓመቱ አንድ አምስተኛው ነፃ እየሆነ ይሄዳል።

ሰላማዊት፦ አድራሻችሁ በክልሉ ውስጥ መሆኑን ለማረጋገጥ የፕላን ቢሮው ፕሮፐርቲ ኩዌስት የሚባል ካርታ አለው፤ የቤት ቁጥሩን ስታስገቡ ያሳያችኋል። በሚቀጥለው ክፍል ለመስኮትና ለስቲላቱራ ሥራ ከኮንትራክተር ጋር ውል ስትዋዋሉ የትኞቹ ዝርዝሮች መጻፍ እንዳለባቸው እናያለን።