ቀበሌው 96 በመቶ፣ ጎጡ 32 በመቶ፦ በጤና መረጃ ላይ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና ወረዳ በየወሩ ቁጥር ይሰበስባሉ። ቁጥሩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ቁጥሩን ወደ ሰጠው ሕዝብ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። በዛሬው ዝግጅት ይህ መረጃ እንዴት እንደሚነበብና ያለው ክትባት፣ መድኃኒትና ገንዘብ ይበልጥ ወደተቸገረው እንዴት እንደሚደርስ ከጠየቃችሁን ውስጥ ስድስቱን ባለሙያዎቻችን መልሰዋል።

ጥያቄ፦ (የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከደቡብ ወሎ) የኩፍኝ ክትባት ሽፋናችን 96 በመቶ ተብሎ ተመስግነን ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ኩፍኝ ገባ። ሪፖርታችን ውሸት ነው? ወይስ ክትባቱ አይሠራም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ሽፋን የሚገኘው የተከተቡት ልጆች መከተብ ለሚገባቸው ልጆች ሲካፈሉ ነው። የተከተቡትን እናንተ በእጃችሁ ቆጥራችኋል። መከተብ የሚገባቸውን ግን ማንም አልቆጠረም፤ ዕቅድ ሆኖ ከወረዳ የመጣ ግምት ነው። ግምቱ የሚነሣው ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ በየዓመቱ የዕድገት መጠን እየተጨመረበት እዚህ ደርሷል። በመካከሉ ተፈናቃይ ገብቷል፣ ወጣት ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር ሄዷል፣ ቀበሌ ተከፍሏል ወይም ተቀላቅሏል። ስሌቱ ይህን አያውቅም።

በምሳሌ እንየው። በዕቅዱ ላይ ቀበሌያችሁ 5,000 ሰው አለው እንበል፤ ከአንድ ዓመት በታች ያሉት ደግሞ 3 በመቶ ናቸው ተብሎ ሲሰላ 150 ሕፃናት ይሆናሉ። 144 ከተባችሁ፤ 96 በመቶ። ቤት ለቤት ሲቆጠር ግን ሕዝቡ 6,400፣ ሕፃናቱም 192 ሆነው ተገኙ። ያው 144 ለ192 ሲካፈል 75 በመቶ ነው። በወረቀት ላይ የቀሩት 6 ልጆች ነበሩ፤ በእውነቱ 48 ናቸው።

አሁን እነዚህን 48 ልጆች በጎጥ ከፋፍሏቸው። ጤና ኬላው ባለበት ጎጥ 60 ልጆች አሉ፣ 57ቱ ተከትበዋል። በሁለተኛው ከ54ቱ 48፣ በሦስተኛው ከ40ው 27፣ ከወንዝ ማዶ ባለው በአራተኛው ደግሞ ከ38ቱ 12 ብቻ። የመጨረሻው ጎጥ ሽፋን 32 በመቶ ሆነ ማለት ነው፤ ካልተከተቡት 48 ልጆች 26ቱ የእሱ ናቸው። የቀበሌው አማካይ ይህን ጎጥ ሸፍኖት ኖሯል። ኩፍኝ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ሌላም አለ። በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ነው የሚጠብቀው፤ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የተጨመረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ካልተከተቡት 48 በተጨማሪ ከተከተቡት 144 ወደ 22 የሚሆኑት ሁለተኛውን እስኪያገኙ አልተጠበቁም። በዓመት 70 ልጅ ቢጠራቀም በሦስት ዓመት ከ200 በላይ ይሆናል። ኩፍኝ ሥርጭቱ እንዲገታ ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ ሁለቱንም መጠን ማግኘት አለበት። በየጥቂት ዓመቱ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ የራሳችሁን የልጆች ዝርዝር በጎጥ ሥሩ። ጤና ኬላው ለየቤቱ የያዘውን ማኅደር፣ የቤተሰብ ፎልደሩን፣ ብቻ አትመኑ፤ የተከፈተው ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል። የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች የየአካባቢያቸውን ነፍሰ ጡርና አራስ ይንገሯችሁ። ቄሱን ጠይቁ፤ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ስለሚያነሡ የተወለደውን ከማንም በፊት ያውቃሉ። ሼኹንም እንዲሁ። ሁለት ምንጮች የማይስማሙበት ቤት መሄድ ያለባችሁ ቤት ነው።

ቀጥሎ የተከተቡትን ቁጥር አጣሩ። ስህተት የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው፦ በገበያ ቀን የመጣ የጎረቤት ቀበሌ ልጅ በእናንተ ስም ይቆጠራል፤ ዓመት ያለፈው ልጅ ከዓመት በታች ባሉት ዓምድ ይገባል፤ አንድ ብልቃጥ ስለተከፈተ 10 ልጅ ተከተበ ተብሎ ይጻፋል። ወሩ በ20 ሲዘጋ ከሪፖርቱ ላይ 12 ቁጥሮችን በዕጣ አውጥታችሁ እያንዳንዱን ከመዝገብ እንደገና ቁጠሩ። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው ራሱ ዕጣውን ባያወጣ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ነው የሀብት ነገር የሚመጣው። ኩፍኝ አብዛኛውን ጊዜ 10 መጠን ባለው ብልቃጥ ይመጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። «ልጅ ይሰብሰብ» እየተባለ ሁለት ልጅ ይዛ ከማዶ የመጣች እናት የምትመለሰው ለዚህ ነው። ያች እናት ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች። ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ፤ ብክነቱን መቀነስ የሚቻለው ለማዶው ጎጥ በወር አንድ የማይለወጥ ቀን ቆርጦ፣ ቀኑንም በእድርና በቤተ እምነት አስነግሮ ነው። በክትባት መያዣው ሣጥን (ቫክሲን ካሪየር) ውስጥ የሚገቡት አይስ ፓኮች ከፍሪዘር እንደወጡ አይገቡም፤ ሲነቀነቁ ውስጣቸው ውኃ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆዩ። ካልሆነ አብሮ የሚሄደው ፔንታ (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት) በረዶ ይሆንና ዋጋ ያጣል። ወንዙ ክረምት ላይ የሚሞላ ከሆነ የግንቦቱንና የሰኔውን ዙር እንዳያመልጣችሁ፤ የዓመቱን ግማሽ የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ (የጤና ጣቢያ ቦርድ አባል፣ ከምሥራቅ ጎጃም) በስብሰባ ላይ ብዙ ቁጥር ያነቡልናል፤ ምን ብለን እንጠይቅ? ደግሞ የእኛ ጤና ጣቢያ የሕፃናት መድኃኒት ሲያጣ ጎረቤቱ ጋ ጊዜው አልፎ ይጣላል። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ አባታችን፣ ለመጀመሪያው አጭር መልስ አለ። የጤና ጣቢያውን ጠቅላላ ቁጥር አይቀበሉ፤ «በየቀበሌው ለዩልን» ይበሉ። አንድ ጤና ጣቢያ በአብዛኛው አምስት ጤና ኬላዎችን ይይዛል፤ አምስት መስመር ጠረጴዛ ላይ ለማየት አያስቸግርም። ከሁሉ በፊት በሦስት ዙር ከሚሰጠው የፔንታ ክትባት የመጀመሪያውን (ፔንታ 1) የጀመሩትንና ሦስተኛውን (ፔንታ 3) የጨረሱትን ይጠይቁ። ልዩነቱ ለጀመሩት ተካፍሎ ከ10 በመቶ ከበለጠ ችግር አለ። ጀማሪው ብዙ ሆኖ ጨራሹ ካነሰ ሕዝቡ መንገዱን ያውቀዋል፣ መልሶ እንዳይመጣ ያደረገው አገልግሎቱ ነው፦ መስተንግዶ፣ ቀጠሮ፣ ክትባት ማለቅ። ጀማሪው ራሱ ጥቂት ከሆነ ግን አገልግሎቱ አልደረሰም። መፍትሔያቸው የተለያየ ነው፤ ለሁለቱም «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ብሎ ማለፍ ለእናቶቹ አይበጅም።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካል፤ ክምችቱም ለ2 ወር ከሚበቃው እንዳያንስ፣ ለ4 ወር ከሚበቃውም እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ሁለት ጤና ጣቢያዎችን እንውሰድ። አንደኛው 3,000 ፍሬ አሞክሲሲሊን (ለሕፃናት በውኃ የሚሟሟ ክኒን) አለው፤ በወር የሚጠቀመው 250 ነው። የ12 ወር ክምችት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በ5 ወር ጊዜው ያልፋል። እስከዚያ 1,250 ይጠቀማል፤ 1,750 ይጣላል። ሁለተኛው 150 ብቻ ቀርቶታል፤ በወር 600 ያስፈልገዋል፣ ለሳምንት ብቻ ነው የሚበቃው። 1,750ው ቢዛወርለት 1,900 ይሆንና ሦስት ወር ያቆየዋል። አንደኛውም አይጎዳም።

ለዚህ የሚያስፈልገው በወር አንዴ የወረዳው ፋርማሲ ባለሙያዎች አንድ ሠንጠረዥ መሙላታቸው ነው፦ የመድኃኒቱ ስም፣ በእጅ ያለው፣ የወር ፍጆታ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ወር። ለ20 ዋና ዋና መድኃኒቶች ብቻ ቢሆን ይበቃል። ዝውውሩ በቃል አይሁን፤ ሰጪው በሞዴል 22 ወጪ፣ ተቀባዩ በሞዴል 19 ገቢ ያድርግ፣ የክምችት መከታተያው ካርድ (ቢን ካርዱ) ላይም በዚያው ቀን ይጻፍ። በቃል የሄደ መድኃኒት ኦዲት ሲመጣ ጉድለት ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ለማንም አያካፍልም።

አንድ ስውር በደል ግን ልብ ይበሉ። የወር ፍጆታ ሲሰላ መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት ካልተቀነሱ፣ ያጣው ጤና ጣቢያ ባጣ ቁጥር ያነሰ ይላክለታል። በሦስት ወር 1,200 ተጠቅሞ ከዚያ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ባዶ ከነበረ፣ 1,200ን ለ3 አካፍሎ 400 ማለት ስህተት ነው። ለ2 ተካፍሎ 600 ነው። የተቸገረው ሩቅ ጤና ጣቢያ ለዓመታት በዚህች አንዲት ስሌት ይጎዳል። ቦርዱ «ያለቀበት ቀን ተቀንሷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ብቻ ብዙ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ (ከአዲስ አበባ) መረጃ ይጋራ እያላችሁ ነው። የእኔ በሽታ ለጎረቤት እንዳይደርስ ማን ይጠብቃል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ሰው ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ከሕክምና ሲቀር ጉዳቱ ከማንኛውም የመረጃ ጥቅም ይበልጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። የሚጋራው ድምር ነው እንጂ ስም አይደለም። ድምርም ቢሆን ሲያንስ ስም ይሆናል፦ 38 ልጆች ባሉበት ጎጥ «አንድ የኤችአይቪ ታካሚ» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሰውየውን መጥራት ነው። ስለዚህ ከ5 ያነሰ ቁጥር በአደባባይ አይጻፍም፤ ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ የአእምሮ ሕመምና ፅንስ ማቋረጥ ደግሞ በጎጥ ጨርሶ አይከፋፈሉም። የመዝገብ ገጽ በስልክ አንሥቶ በቴሌግራም ቡድን መላክ የለመደባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህ መቆም አለበት። ገጽዎ ሲነሣ ካዩ ይቃወሙ፣ ለተቋሙ ኃላፊም በጽሑፍ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) እዚህ ቅጽ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ውጪ የለንም። የእኛ የጤና ችግር እንዴት ይታወቅልናል?

መልስ፦ በእርግጥም አይታወቅም ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው የሚያሳስበው ሄፓታይተስ ቢ ወይም ድብቅ ቲቢ በሰፊው ምድብ ውስጥ ይቀልጣል። ነገር ግን የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የዘርና የብሔር መረጃ አሰባሰብ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሲያሻሽል በዚህ ምድብ ሥር ከተዘረዘሩት ዝርዝር ምርጫዎች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። ሁሉም ቅጽ ገና አልተለወጠም። ሳጥኑ ካለ ምልክት ያድርጉ፤ ክፍት መስመር ካለ «ኢትዮጵያዊ» ብለው ይጻፉ፤ ባዶ አይተዉት።

ከዘሩ ባልተናነሰ የቋንቋው ጥያቄ ይጠቅማል። «የሚመርጡት ቋንቋ» ሲባሉ እንግሊዝኛ ቢችሉም እናትዎን ይዘው ከሄዱ በእናትዎ ስም «አማርኛ» ያስመዝግቡ። አስተርጓሚ በነፃ የሚቀርበው በዚያ ምልክት መነሻ ነው፤ ሆስፒታሉም ስንት አስተርጓሚ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው እሱን ደምሮ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚገለገሉበት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጅ ለእናቱ የማሕፀን ምርመራ ውጤት አያስተርጉም፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ (ከሲዳማ) በጤና መድን በነፃ ይካተታሉ የተባሉት ድሆች በየዓመቱ ያው ሰዎች ናቸው። ሌላው ድሃ መቼ ይታያል?

መልስ፦ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር የድሆቹን መዋጮ መንግሥት እንዲከፍል ታስቦ ነው የተዘረጋው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ቀበሌው ነው፤ ካለፈው ዓመት ላይ መገልበጥ ስለሚቀል ይገለበጣል። አዝመራ ተሰብስቦ የአባልነት እድሳት ከመጀመሩ በፊት ዝርዝሩ በየጎጡ ስብሰባ ይነበብ፣ የሞተና የሄደ ይውጣ፣ ችግረኛ ቤተሰቦችን ከሚደግፈው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ዝርዝርም ጋር ይመሳከር። በሴፍቲ ኔት ያለ አቅመ ደካማ በመድኑ ከሌለ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ካርድ መያዝ ብቻውን ግን መታከም አይደለም። ከፍለው የተካተቱ 2,000 ሰዎች በዓመት 1,800 ጊዜ ከታከሙና በነፃ የተካተቱ 400 ሰዎች 120 ጊዜ ብቻ ከታከሙ፣ የመጀመሪያዎቹ በነፍስ ወከፍ 0.9፣ ሁለተኞቹ 0.3 ነው። ድሃው በሦስት እጥፍ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም። ለፎቶግራፍ የሚከፍለው አጥቶ ካርዱ ሳይወጣለት ይቀራል፣ ትራንስፖርት የለውም፣ ወይም «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ተብሎ ተመልሷል። በመድን ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ከፋይና ነፃ ተለይተው ስለሚጻፉ ይህን ስሌት አንድ ሰው በግማሽ ቀን ይሠራዋል።

ጥያቄ፦ (ከአፋር) ሕዝባችን ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። የእናንተ የጎጥ ዝርዝር ለእኛ ይሠራል?

መልስ፦ እንዳለ አይሠራም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባት የወሰዱ ልጆች በአገር ደረጃ 39፣ በአዲስ አበባ 89፣ በአፋር 15 በመቶ ነበሩ። ይህ ክፍተት በቋሚ ጤና ኬላ ብቻ አይሞላም። ለእናንተ የመቁጠሪያው አሃድ ጎጥ ሳይሆን አብሮ የሚጓዘው የቤተሰብ ስብስብና የውኃ ነጥቡ ነው። የጎሣ መሪዎች በየትኛው ወር የት እንደሚሰፈር ይነግሯችኋል፤ የ12 ወር የመንገድ ካርታ በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉ። የእንስሳት ክትባት ቡድን ወደዚያው ሲሄድ አንድ መኪና፣ አንድ ነዳጅ፣ አንድ ቀን ተጋሩ፤ ክትባቶቹ ግን በተለያየ ማቀዝቀዣ ሣጥን ይያዙ። ልጁ የትም ይከተብ፣ ቀኑና ዓይነቱ እናቱ በምትይዘው ካርድ ላይ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ወረዳ ባለሙያ መዝገቡን ሳይሆን ካርዱን ነው የሚያየው። ለእናትየው ከዝናብ የሚጠብቅ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አብራችሁ ስጧት።