የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፦ «ዛሬ ለምን ቀረ?» የሚል ሰው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆች፣ እህትና ወንድሞች፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚውሉባቸው የቀን ማዕከላት የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ በየማዕከሉ የምትውሉና ዛሬ የፊት ወንበሮችን የያዛችሁ ወገኖቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከባልቲሞር በማለዳ የተነሣችሁም፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ስትመጡ መንገድ የተዘጋባችሁም፣ የአካል ጉዳተኞች ማመላለሻው ሜትሮአክሰስ ዘግይቶባችሁ አሁን በር ላይ የደረሳችሁም ግቡ። በግራ በኩል ለተሽከርካሪ ወንበር የተተወ ሰፊ ቦታ አለ፤ እባካችሁ ካፖርት አትከምሩበት።

የሥራ አመራሩ ሪፖርት በእጃችሁ ስለሆነ አላነብላችሁም። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ከቡና በኋላ ያቀርባል። እኔ ይዤ የቀረብኩት አንድ ጉዳይ ነው፤ ልጆቻችንና የምናገለግላቸው ጎልማሶች ከማዕከሉ ወጥተው የሚውሉበት ሰዓት፣ በተለይም በጎ ፈቃድ አገልግሎት የምንለው ነገር።

በየማዕከሉ በየቀኑ የሚሞላ ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ «ወደ ማኅበረሰቡ ወጥቷል» የሚል ሳጥን አለ። ስምንት ሰው በአንድ ቫን ተሳፍሮ ወደ ገበያ ማዕከል ይሄዳል፣ አንድ ዙር ይዞራል፣ አይስክሬም ይበላል፣ ይመለሳል፤ ሳጥኑም ላይ ምልክት ይደረጋል። ማንም አልዋሸም። ነገር ግን በዚያ ገበያ ማዕከል ውስጥ ከስምንቱ የአንዱን እንኳ ስም የሚያውቅ ሰው አለ? በሚቀጥለው ሳምንት ሳይመጡ ቢቀሩ «ዛሬ ለምን ቀሩ?» የሚል ባለ ሱቅ ይኖራል? እኔ የማኅበረሰብ ተሳትፎን የምለካው በዚህ ጥያቄ ነው። ቀርቶ የማይፈለግ ሰው ያንን ቦታ ጎበኘው እንጂ አልገባበትም።

ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ዕድር ያሳደገን ሰዎች ነን። በዕድር ሰው የሚቆጠረው በመዋጮውና በጉልበቱ ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወርዳል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ከቀረም ይቀጣል። ሲቀጣ ያጉረመርማል፤ ሆኖም ቅጣቱ ራሱ አባል መሆኑን ይመሰክርለታል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ሰው ዕድር ሲቀጣው ያያችሁ አላችሁ? እፍኝ ንፍሮ ይሰጠዋል፣ «አይዞህ» ይባላል፣ ጥግ ይቀመጣል። ምንም ስለማይጠበቅበት በምንም አይቀጣም። ደግነት ይመስላል፤ እኔ ግን ከደግነት አልቆጥረውም።

በቅጹ ላይ ያለው ሳጥንም ከሰማይ አልወረደም። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ሎረል ከተማ አጠገብ፣ ፎረስት ሄቨን የሚባል ተቋም ነበር። የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ነዋሪዎቹን ከሜሪላንድ ጫካ መሀል ያኖራቸው ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹ የራሳቸው ድንጋይ በሌለው መቃብር ተቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ቤቲ ኢቫንስ የተባሉ እናትና ሌሎች ቤተሰቦች ከሰሱ፤ ተቋሙ የተዘጋው በ1991 ነው፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን መከታተል እስኪያቆም ደግሞ ወደ 40 ዓመት ፈጀ። በዋሽንግተን ዲሲ ለረጅም ጊዜ የሠራችሁ ባልደረቦቼ ከእንዲህ ያለ ቦታ የወጡ አረጋውያንን ታውቃላችሁ፤ ሲበሉ ሳህናቸውን በክንዳቸው ከልለው ነው። ከዚያ በ1999 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ነዋሪ በነበሩት በሎይስ ከርቲስና በኢሌን ዊልሰን ጉዳይ ሰውን ያለ በቂ ምክንያት በተቋም ለይቶ ማስቀመጥ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። ሎይስ ከርቲስ ከወጡ በኋላ ሠዓሊ ሆኑ፤ በ2011 ዋይት ሐውስ ገብተው ሥዕላቸውን ለፕሬዚዳንት ኦባማ በእጃቸው ሰጡ። በ2014 የወጣው የፌዴራል ደንብ ደግሞ ሜዲኬድ በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ ከተቋም ውጭ የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ ሰውን ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያገናኝ እንዲሆን አዘዘ፤ ብዙ ጊዜ ተራዝሞ የመጨረሻው ቀነ ገደብ መጋቢት 2023 ሆነ። ማዕከላቱ ቫን የገዙት፣ ቅጹም የተለወጠው ከዚህ ወዲህ ነው። ደንቡ ውጡ ይላል። ወጥታችሁ ከማን ጋር ተቀመጡ ግን አይልም፤ እሱ ለእኛ የተተወ ነው።

ደግሞ በደንብ የሚሠራም አለ። ዳውን ሲንድሮም ያለበት አንድ ጎልማሳ ለአረጋውያን ትኩስ ምግብ በሚያደርሰው በሚልስ ኦን ዊልስ ያገለግላል። ሁልጊዜ ማክሰኞ፣ ሁልጊዜ በዚያው መስመር፣ ከአንድ ጓደኛውና ከአንዲት የድጋፍ ሠራተኛ ጋር። ሠራተኛዋ ትነዳለች፤ ደወሉን የሚደውለው፣ ምግቡን የሚያስረክበው፣ «እንዴት አደሩ?» የሚለው እሱ ነው። በመስመሩ ላይ ያሉ አንዲት እናት መጀመሪያ ሰሞን የሚያነጋግሩት ሠራተኛዋን ነበር፤ እሱን አልፈው ዓይን ዓይኗን እያዩ። ሠራተኛዋ ብልህ ናት፤ ከመኪናው መውረድ ተወች። ክረምት ላይ ጉንፋን ጥሎት ሁለት ማክሰኞ ቀረ። እኒያ እናት ምግቡን ያመጣውን ሰው በር ላይ አቁመው ስሙን ጠርተው ጠየቁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ካርድ ጽፈው ላኩለት። ማዕከሉ ያን ቀን ቅጹ ላይ ምን ብሎ እንደሞላ አላውቅም። ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለውም።

ሌላዋ ዓይነ ስውር ናት፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም አለባት፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ትናገራለች። ለችግረኞች ምግብ በሚያከፋፍል መጋዘን ውስጥ የታሸጉ ቆርቆሮዎችን ትለያለች። ስፌቱ ላይ የተጨራመተ ወይም ያበጠ ቆርቆሮ ለሰው አይሰጥም፤ የሚያይ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲሠራ ያመልጠዋል፣ በጣት የሚዳስስ ግን አያመልጠውም። የመጋዘኑ ኃላፊ ይህን አየና አዲስ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችን ከእሷ ጠረጴዛ ያስጀምር ጀመር። እንደምታውቁት በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ለመመረቅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ማሟላት አለበት፤ በስቴቱ ደንብ 75 ሰዓት፣ ወይም የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀውና የጸደቀለት ፕሮግራም ነው። እናም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰዓታቸውን ለመሙላት ይመጣሉ፤ እጃቸውን ይዛ ስፌቱ ላይ ታስዳስሳቸዋለች፤ ሲሳሳቱ ጠረጴዛውን መታ ታደርጋለች። በሕይወቷ ሙሉ ሌሎች ሲያስተምሯት ኖረዋል፤ አሁን እሷ የምታስተምራቸው አሉ።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ውሻ የምትፈራ አንዲት ሴት በየሳምንቱ ወደ እንስሳት መጠለያ ብርድ ልብስ ልታጥፍ ትወሰድ ነበር። ማዕከሉ ባዘጋጀላት የአገልግሎት ዕቅድ ላይ «እንስሳት ትወዳለች» ተብሎ ተጽፏል። ማን ጻፈው? የጻፈው ሰው ቫኑ ወደዚያ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነው። የምትወደው ዶሮ ነበር፤ ልጅ ሆና ያየችው ዶሮ። መኪናው መጠለያው በር ሲደርስ ቀበቶዋን አልፈታም ማለት ስትጀምር «የባሕርይ ችግር» ተብሎ ተመዘገበባት። ወገኖቼ፣ «አልፈልግም» ማለት የማይቻልበት አገልግሎት በጎ ፈቃድ አይባልም፤ የማን ፈቃድ ነውና! እምቢ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ዕቅዱን አንብቡ።

ስለ ቫኑ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ስምንት ሰው አንድ ላይ ሲገባ ባለ ቤቱ ያየው ቡድን ነው፤ ሁለት ሰው ሲገባ ግን ሰው ያያል። ሠራተኛ እንደሚያንስ፣ ክፍያው ዝቅተኛ እንደሆነና ጥሩ ሠራተኛ ዓመት ሳይሞላው እንደሚለቅ ከናንተ ጋር ሠርቻለሁና አትንገሩኝ። ቢሆንም አምስት ቦታ ከመዞር አንድ ቦታ መመላለስ ነዳጅም ይቆጥባል። ተመሳሳይ ቀን፣ ተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ሰዎች፤ ስም የሚለመደው እንዲህ ነው።

አሁን የምለው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ትቆጡኛላችሁ። ሁለት ሆነን ስንወጣ በአማርኛ እናወራለን። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አገር ቤት፣ ስለ ሠርግ። አብሮን የወጣው ሰው መሀላችን ተቀምጦ ወሬው በአናቱ ላይ ያልፋል። ከማዕከሉ አውጥተነው ከእኛ አስወጣነው ማለት ነው። ድካማችሁን አውቃለሁ፤ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ወደ ቀን ሥራ የሚገባ ሰው ቋንቋውን ሲያገኝ ነፍሱ ይመለሳል። ለዚያ የምሳ ሰዓት አለ። በተገላቢጦሽ ደግሞ የእኛው ልጆች በሚውሉባቸው ማዕከላት አማርኛ የሚሰማ ሠራተኛ ካለ ያናግራቸው፤ እናቷ በምትጠራት ቃል ስትጠራ ቀና የምትል ልጅ አለችን።

የበጎ ፈቃድ ነገር ሲነሣ የምጠነቀቅበት ጉዳይም አለ። በዚህ አገር ከ1938 ጀምሮ ባለ የሠራተኛ ሕግ መሠረት ለትርፍ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ በነጻ ማገልገል የለም። ለምግብ ባንክ፣ ለቤተ እምነት፣ ለመናፈሻ ማገልገል በጎ ፈቃድ ነው፤ ለሱቅ መደርደሪያ ማደራጀት ግን ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ደመወዝ አለው። ያው ሕግ ለአካል ጉዳተኞች ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መክፈል ይፈቅዳል፤ ሜሪላንድ በ2016 ባወጣችው ሕግ ይህን አሠራር ደረጃ በደረጃ አጥፍታ በጥቅምት 2020 ጨርሳዋለች። በበር ያስወጣነው ዝቅተኛ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ስም በመስኮት እንዳይመለስ። «ልምድ ያገኝበታል» እየተባለ ለዓመታት በነጻ የሚጠርግ ልጅ ካላችሁ መጥታችሁ ንገሩን።

ለወላጆች። በ21 ወይም በ22 ዓመት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መምጣት ሲያቆም ምን እንደሚሰማ እዚህ ያለ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ፍርሃት ይነግሣል፤ «ቢወጣ ሰው ይስቅበታል»፣ «ቢሠራ ኤስ ኤስ አይ ይቋረጣል»። ስለ ሁለተኛው፣ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች ስለሚከፍለው ወርሃዊ ድጎማ፣ ቶሎ ልመልስ፤ ያለ ክፍያ ማገልገል ገቢ አይደለም፤ ደመወዝ ቢመጣም የወሩ የመጀመሪያ 65 ዶላር አይቆጠርም፣ ከቀሪውም የሚቆጠረው ግማሹ ነው። ጥቅሙ በአንድ ጊዜ ብን ብሎ አይጠፋም። ስለ መጀመሪያው ግን መልሱ በእኛው እጅ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ልጃችሁን የት ታስቀምጡታላችሁ? ከኋላ፣ በር አጠገብ፣ ድምፅ ካሰማ ቶሎ ለማውጣት። ጫማ የሚደረድር ሰው አያስፈልግም? ጧፍ የሚያድል፣ ከቅዳሴ በኋላ ወንበር የሚያጥፍ፣ የዳቦ ትሪ ይዞ የሚዞር? በመስጊድስ የረመዳን ማፍጠሪያ ሲቀርብ ተምርና ውኃ የሚያድል? ካህናቱንና ኢማሞቹን ያነጋገርናቸው አባላት እምቢታ አልገጠማቸውም። የገጠማቸው «እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀንም» የሚል መልስ ነው። የመመዝገቢያ ጠረጴዛው ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት፣ አንድ መስጊድና ሁለት ዕድሮች የሚፈልጉትን የሥራ ዓይነት ጽፈው ሰጥተውናል። ልጃችሁን ሳታማክሩ አትመዝግቡት፤ ውሻ የምትፈራዋን ሴት ታሪክ አሁን ነው የነገርኳችሁ።

ወደ አጀንዳው እንግባ። የመተዳደሪያ ደንባችን የአባልነት አንቀጽ አባል የሚላቸው ወላጆችን፣ ዘመዶችንና ሠራተኞችን ብቻ ነው። በፊት ወንበር የተቀመጡት፣ ማኅበሩ ለእነሱ ተብሎ የቆመላቸው ሰዎች፣ በደንቡ እንግዶች ናቸው። ሥራ አመራሩ ያቀረበው ማሻሻያ የሚፈልጉ ሁሉ በራሳቸው ስም ሙሉ አባል እንዲሆኑ ነው፤ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ይመረጣሉ፣ እንደ ማንኛችንም ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ያለ ምክንያት ከስብሰባ ሲቀሩም ይቀጣሉ። ረቂቁ በቀላል ቋንቋና በሥዕል ተዘጋጅቶ በየወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጸሐፊያችን አሁን በንባብ ያሰማናል፤ ከዚያ ለውይይት ክፍት ነው። መጀመሪያ ዕድል የምሰጠው ለፊት ወንበሮች ነው።