መጀመሪያ የሚያነበው ማነው?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን ርዕስ ለሌላ ጊዜ አቆዩልኝ። የጋሼ፣ የእስረኛው ሽማግሌ፣ ነገር ነው። ስለ እስር ቤቱ አያያዝ እሳቸው እያሉኝ የጻፍኩት ማመልከቻ ተመለሰ። "አቤቱታው በዝርዝር አልቀረበም፤ ቀኑ፣ ክፍሉ፣ ጉዳቱና ጉዳት የደረሰበት ሰው ተለይቶ ይገለጽ" የሚል ጽሑፍ ከጀርባው አለው። ወንድሜ፣ የ"አሳጥሪው" ጌታ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ አንብቦ ሲጨርስ "ታዲያ ምን ችግር አለው? ዝርዝሩን ጨምሪና መልሰሽ አስገቢ" አለኝ። አልመለስኩለትም። ዝርዝሩ እኮ ነበረ። እስከ ሰዓቱ ድረስ ነበረ።

ያቺን ቀን ልድገማት። ጫፍ ጫፏን ከዚህ በፊት ሰምታችኋል፣ ይቺን ክፍል ግን ዘልያት ነበር።

መጠየቂያው ጋ ነን። እሳቸው ከሽቦው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ወረቀት ይዘው መውጣት ስለማይፈቀድላቸው አቤቱታውን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውት ነው የመጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ይሉኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ክፍሉ ለስንት ሰው እንደተሠራ፣ አሁን ስንት ሰው እንዳለበት። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ። ውሃ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ። በፈረቃ እንደሚተኙ፤ ግማሹ ተቀምጦ ያመሻል፣ እኩለ ሌሊት ላይ የተኛው ይነሳል፣ የተቀመጠው ይተኛል። ከዚያ ይቺ መጣች፦ "እኔ ስነሳ በቦታዬ የሚተኛው ልጅ ደም የቀላቀለ አክታ ይተፋል። ለሕክምና በተደጋጋሚ ተመዝግቦ አልተጠራም።"

በቦታዬ ነው ያሉት። ፍራሹ ገና ሳይቀዘቅዝ ይተኛበታል ማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ እሳቸው እዚያው ላይ ናቸው። ስለ ራሳቸው ግን አንድ ቃል አልጨመሩም። "እኔንም ይይዘኛል ብዬ ሰጋሁ" አላሉም። ልጁን ብቻ ነው ያነሱት።

ጽፌ ስጨርስ አነበብኩላቸው። እዚያ ቦታ እንዴት እንደሚነበብ ታውቃላችሁ፤ ሁሉም ይጮሃል፣ ስለዚህ አንተም ካልጮህክ ወዲያ ማዶ አይሰማም። ጠባቂው ከጀርባቸው ቁልፍ ያንቀጫቅላል፣ ይሰማ አይሰማ አይታወቅም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ አመልካች ጣታቸውን ሽቦው ላይ አደረጉ። ቆምኩ።

"መጀመሪያ የሚያነበው ማነው?" አሉኝ።

እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኛ አያያዝ ያወጣቸው አሉ፣ እስረኛ ለዳኛ የሚጽፈው አቤቱታ ይዘቱ ሊመረመር አይገባም ይላሉ፣ አቤቱታ ያቀረበ ሰው የበቀል እርምጃ ሊወሰድበት አይገባም ይላሉ። ደንብ 56፣ ደንብ 57። ቁጥሩን ሁሉ ጠርቼላቸዋለሁ።

ጨርሼ እስክዘጋ ጠበቁኝና፣ "ሕጉን አልጠየቅኩሽም ልጄ። ሰውየውን ነው" አሉኝ።

ዝም አልኩ። ምን ይባላል? እሳቸው ራሳቸው ቀጠሉ። "ይቺን አውጪያት።" በአንድ መስመር ሰረዝኳት። ወረቀቱን ወደ ሽቦው አስጠግቼ አሳየኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩና "አሁንም ትነበባለች" አሉኝ። እንደገና ሰረዝኩ። "ትነበባለች።" ከዚያ እስክሪብቶውን እያመላለስኩ አጠቆርኳት፣ ወረቀቱ እስኪበሳ፣ ቀለሙ ሥር ያለው ገጽ ላይ እስኪወጣ። የዚያን ጊዜ ነው ጣታቸውን ከሽቦው ያነሱት።

የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደም የሚተፋው ልጅ አንድ ነው። ቦታ የሚለቅለት ሽማግሌም አንድ ነው። ስም ባይጠቀስም በዚያች ዓረፍተ ነገር የሁለት ሰው ስም ተጽፏል። ለካቦው፣ ለክፍሉ አለቃ፣ ያደረ ሰው ቢያያት፣ ወይም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ቢያያት፣ ለመገመት እንኳ አይቸገርም። ያለ እሷ ደግሞ አቤቱታው ምን ሆነ? "ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ሕክምና አይሰጥም።" ማንም ስለ የትኛውም እስር ቤት ሊለው የሚችለው ነገር። ተመለሰ። ዝርዝር የለውም ተባለ።

እዚህ ላይ ነው የማልረጋጋው። ሕጉ ከእስረኛ የሚፈልገው ልቅም ያለ ነገር ነው፣ ቀን፣ ቦታ፣ ስም። እስረኛን የሚያጋልጠውም ያው ቀን፣ ቦታና ስም ነው።

"ወረቀትሽን አስቀምጪና አውሪ" ማለታችሁ አይቀርም፣ ዛሬ ግን ይዤ ነው የገባሁት፣ ታገሱኝ። ሰሞኑን የእስረኛ አቤቱታዎችን ሳነብ ነው የከረምኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራቸው።

1941፣ አሜሪካ። ሚሺጋን ውስጥ ሃል የሚባል እስረኛ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ያዘጋጃል። የእስር ቤቱ ደንብ ማንኛውም ለፍርድ ቤት የሚጻፍ ነገር መጀመሪያ እዚያው ለተመደበ መርማሪ ይቅረብ ይላል፣ እሱ "በደንብ ተጽፏል" ሲል ብቻ ያልፋል። ሃል ወረቀቱን ለአባቱ ይሰጣል፣ አባቱ ይዞ ሊወጣ ሲል ጠባቂዎች ይቀሙታል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ ምን አሉ፣ አቤቱታ በደንብ መጻፉንና አለመጻፉን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ መንግሥት እስረኛውና ዳኛው መሃል መግባት አይችልም አሉ። ሃል ራሱ ግን በዋናው ጉዳይ አልተሳካለትም። ደንቡን አፍርሶ እሱ ቀረ።

ይቺን ሳነብ ጋሼን አገኘሁልዎት ልላቸው ነበር፤ ጥያቄዎን የጠየቀ ሰው አለ፣ መልስም ተሰጥቶታል ልላቸው። ትንሽ ወረድ ብዬ ሳነብ ግን እዚያው አገር በ1996 ሌላ ሕግ ወጣ። እስረኛ ስለ አያያዙ ፌደራል ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በእስር ቤቱ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ደረጃ አንድም ሳያስቀር መጨረስ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያነበው ማነው? የምትከሰው ሰው ነው። ለዚህም የሚሰጡት ምክንያት አለ፣ ፍርድ ቤቶች በማይረባ ክስ ተጥለቀለቁ፣ እስር ቤቱም ስህተቱን ራሱ የማረም ዕድል ያግኝ ይላሉ። በመርህ ደረጃ ክፉ ሐሳብ ነው አልልም። ቅሬታ ቶሎ የሚሰማበት ቦታ ከሆነ ውሃው በማግስቱ ሊመጣ ይችላል፣ ዳኛ ሳያስፈልግ። ካልሆነስ? ካልሆነ ግን...

የጋምብልን ልንገራችሁ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቴክሳስ፣ 1973። ጋምብል እስረኛ ነው፣ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ከመኪና ላይ ጥጥ ሲያራግፍ አንድ ትልቅ ጥቅል ጥጥ ይወድቅበታል፣ ጀርባውን ይጎዳዋል። አቤቱታውን በእጁ ጻፈ፣ ጠበቃ የለው። በየቀኑ የሆነውን ጻፈ፣ በዚህ ቀን ሐኪም አየኝ፣ ይሄን ክኒን ሰጠኝ፣ በዚህ ቀን ሥራ አልችልም ስል ቀጡኝ። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሕግ አወጣበት፦ የእስረኛን ከባድ የጤና ችግር እያወቁ ችላ ማለት ጭካኔ ነው፣ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሕክምና ተከለከልኩ የሚል እስረኛ ሁሉ የሚቆመው በጋምብል ትከሻ ላይ ነው። እሱ ግን በሐኪሙ ላይ ያቀረበውን ተረታ። ለምን? በሦስት ወር ውስጥ 17 ጊዜ በሕክምና ሠራተኞች ታይቷል ተባለ። አሥራ ሰባቱን የቆጠሩት ከየት ነው? ከራሱ አቤቱታ! እሱ "ይሄን ሁሉ ተመላልሼ አልዳንኩም" ለማለት የዘረዘረውን፣ "ይሄን ሁሉ ታክመሃል" ብለው መለሱለት።

ተናደድኩ። አሁንም ሳወራው ያናድደኛል። አንድ ዳኛ ተቃውመው ጽፈዋል፣ ያ ትንሽ... አዎ።

በሌላ በኩል ደግሞ መዘርዘር ያዳነው ሰው አለ፣ ይሄንንም ካልነገርኳችሁ ፍትሐዊ አይሆንም። ሙርሺች፣ ክሮኤሽያ። እስር ቤት ሳለ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቦታ በየክፍሉ፣ በየቀኑ ተለክቶ ነው ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው። በ2016 ትልቁ ችሎት ወሰነ፦ በጋራ ክፍል ለአንድ ሰው ከ3 ካሬ ሜትር በታች ከሆነ መብት እንደተጣሰ ይገመታል፣ መንግሥት ነው ማስተባበል ያለበት። ለ27 ተከታታይ ቀን 2.62 ካሬ ሜትር ብቻ ነበረው፣ ለዚያ ተፈረደለት። ከ3 በታች ለሆኑት ሌሎች አጫጭር ጊዜዎች ግን አልተፈረደለትም። ሲለኩ ሽንት ቤቱ የያዘው ቦታ አይገባም፣ አልጋና ጠረጴዛ የያዘው ግን ይገባል፤ ሰውየው በክፍሉ ውስጥ እንደልቡ መንቀሳቀስ ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። 2.62ን በእጄ ዘርግቼ መሬት ላይ ልለካው ሞከርኩ፣ ከዚያ ጋሼ በፈረቃ እንደሚተኙ ትዝ አለኝና ተውኩት። በፈረቃ የሚተኛ ሰው ስንት ካሬ ሜትር አለው ይባላል? በሌሊት የመጀመሪያው አጋማሽ ምንም?

ከስትራስቡርግ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። መዝገቡም፣ የክፍሉ ስፋትም፣ የሐኪም ካርዱም ያለው በመንግሥት እጅ ነው፣ ስለዚህ እስረኛው አሳማኝ መነሻ ካቀረበ የማስረዳት ሸክሙ ወደዚያኛው ወገን ይዞራል ይላሉ። ትክክል ነው። ሽቦ ወዲያ ያለ ሰው፣ ወረቀት እንኳ የተከለከለ ሰው፣ ምን ማስረጃ አምጣ ይባላል? ግን መነሻ ይላል። መነሻው ምንድነው? ያቺው ያጠቆርኳት ዓረፍተ ነገር ናት። እንደገና እዚያው።

ሱኒል ባትራ ግን ከሐሳቤ አልወጣም። ህንድ ነው፣ 1979 ላይ የተፈረደ ነው። ባትራ ሞት የተፈረደበት ሰው ነበር። እዚያው እስር ቤት ሌላ እስረኛ ገንዘብ አምጣ ተብሎ በጠባቂ ሲሰቃይ አወቀና ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤ ብቻ፣ ፎርም የለው፣ ቴምብር የለው። ፍርድ ቤቱ እንደ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አድርጎ ተቀበለው። "ዝርዝር የለውም" ብሎ አልመለሰውም፣ ጠበቆች መድቦ እስር ቤቱ ገብተው እንዲያዩ ላከ። ሂዱና እዩ አለ፣ ይሄው ነው! እስረኛው እንዲዘረዝር ከማስገደድ ሰው ልኮ ማየት። ማንም የማይታወቅበት፣ ማን እንደተናገረ የማይለይበት መንገድ እኮ ያ ነው፣ ሁሉም ክፍል ከታየ።

እዚህ ጋ ልቤ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ለጋሼም በጋራ እናቅርበው ብዬ አስቤ ነበር፣ ክፍሉ ሁሉ ይፈርም። የድሮ መርከበኞች እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ ካፒቴኑ ላይ አቤት ሲሉ ስማቸውን በክብ ይጽፋሉ፣ ማን ቀድሞ እንደፈረመ እንዳይታወቅ። ደስ አይልም? ከዚያ ደግሞ የጋራ አቤቱታ አድማ የሚባልበት ቦታ ሞልቷል ብዬ አሰብኩ። ከመሃላቸው አንዱ ፈርቶ ቢናገርስ? በመፍራቱ ደግሞ ማን ይፈርድበታል?

የጋሼ ልጅ ደውላ ነበር። "እባክሽ ተይው፣ ጊዜያቸውን ጨርሰው ይውጡልኝ" አለች። እሷን ምን ልበላት? አባቷ ናቸው። ወንድሜ ጻፊ ይላል፣ እሷ ተይ ትላለች፣ እሳቸው አውጪያት ብለዋል፣ እኔ ደግሞ ይኸው እዚህ ሳወራ አመሻለሁ። በዚህ ሁሉ መሃል የሚያስለው ልጅ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀ የለም። አክታው የሱ ነው፣ ሳንባው የሱ ነው። የማንዴላ ደንቦቹ እስረኛ ሲገባ ሐኪም ቶሎ ይየው፣ ተላላፊ በሽታ ከተጠረጠረበት ይለይና ይታከም ይላሉ፣ ይሄ ለሱ የተጻፈ ነው። ምናልባት እሱ "ጻፉት፣ ስሜንም ጨምሩ" ይል ይሆናል። ወይም አይልም።

ልጠይቀው ብልስ? ስሙን አላውቅም። ባውቅም በር ላይ ስሙን አስጠርቼ ነው የማስወጣው፣ ጠያቂ የሌለው ልጅ ድንገት በእኔ ስም ሲጠራ ደግሞ... ጋሼን ልጠይቃቸው ብል ያው በሽቦ ነው፣ ጮክ ብዬ፣ ያ ሁሉ ሰው መሃል። "ያ የሚያስለው ልጅ ምን አለ?" ብዬ? እንጃ። እስኪ እናንተ... አይ፣ እናንተም ምን ትሉኛላችሁ። ለዛሬ እዚህ ጋ ላቁመው።