መርፌው ወረደ፣ ጆሮዬ ግን አልሰማም

ስለ ጆሮዬ ዛሬ አንድም ቀልድ አልፈልግም። «ሞተር የሚታወቀው በጆሮ ነው» እያልኩ ምን ያህል እንዳሰለቸኋችሁ አውቃለሁ። ይቅር።

ሙሽራዋ መኪናዬ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ተገጠመላት። እኔ የፈለግኩት ርካሹን ነበር፤ ቤንዚኑ በቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርዱ የሚመጣበትን። መካኒኬ ጋሼ ሰሙኝና መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ቤንዚን ጉልበትህ ሥር አላስገባም። ሌላ መካኒክ ፈልግ።» ስለዚህ ሴንሰሩ ኮፈን ሥር፣ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ከኢንጀክተሮቹ ዘንድ ቀረ፤ ወደ ውስጥ የገባው ሽቦ ብቻ ነው። ግፊቱ እንዲበርድ የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፤ ከዚያ መጋጠሚያውን በጨርቅ ሸፍነው ፈቱት። እንዲያም ሆኖ ጨርቁ ረጠበ። የሴንሰሩ ጥርስ ላይ ነጩን የቴፍሎን ቴፕ ልጠቅልል ስል እጄን መቱኝ፤ ቁራጩ ኢንጀክተር ይደፍናል አሉ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም እጄን ይመቱኛል።

ወንድሜ አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ላይ እንሞክራት አለ። 380 ሜትር ሜዳ ምን ያሳያል? ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ነው። ሸክም የሚታወቀው በዳገት ነው፤ ቤዛዊት ወጣን።

ሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ። መነሻ ግፊቱ 3 ባር ነው፤ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ግማሽ ባር ሲሰጥ፣ የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉላተርም ያንኑ ያህል መጨመር አለበት። ጨመረ። መርፌው 3.5 ላይ ቆመ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ከ3 በታች ወረደ።

ድምፁ ያምር ነበር። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ቤንዚን ሲያንስ ቃጠሎው ይግላል፣ ማንኳኳት ይመጣል፣ ፒስተን ይቀልጣል፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ከሰማሁት ሁሉ ያ ድምፅ ያምር ነበር።

መርፌው ዘለለ ወይስ ተንሸራተተ? ከዘለለ ሽቦው ነው። ከተንሸራተተ ፓምፑ ወይም ፊልትሮው ነው። ዓይኔን ስጨፍን ሲንሸራተት ይታየኛል። ቆይ፣ መጀመሪያ ተንቀጥቅጦ ነበር እኮ። ደግሞ ትናንት ማታ ምን እንደመጣብኝ ታውቃላችሁ? እግሬ ቢቀድምስ? እግር ሲነሳ አየሩ ይዘጋል፣ ሬጉላተሩ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ መርፌው ከ3 በታች መውረዱ ጤና ነው። ግን ያነሳሁት ወርዶ ስላየሁ ነው። ይመስለኛል።

ወንድሜን ጠየቅኩት። ስለ ጉማሬ እያወራ ነበር፤ መለኪያ መኖሩንም ልብ አላለም።

ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን እንደሆነ ደግሞ ስንት ዓይነት ቆሻሻ ይዞ እንደሚገባ... እሱን ከጀመርኩ አላቆምም፤ ሰልፍ ላይ አድሮ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ያውቀዋል።

ጋሼ ፊልትሮው ይቀየር ብለዋል። እንቢ አልኩ። ቀይረነው መርፌው ባይወርድ ፊልትሮው ይሁን ሽቦው ይሁን እግሬ ይሁን በምን አውቃለሁ? «ካልወረደ አልወረደም፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። ልክ ናቸው መሰለኝ። ልክ ናቸው። ግን መንገዱ ባዶ ሲሆን በማለዳ ልወጣ፣ ስልኬን አንዱን መርፌው ላይ፣ የወንድሜን ደግሞ እግሬ ላይ አድርጌ ልቅረጽ... ለጋሼ እንዳትነግሩብኝ። ያው በእውነት ቢወርድስ፣ በሙሉ ነዳጅ፣ በዚያ ዳገት...