«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። የኮምፒዩተር ወሬ ነው፣ ግን ባለሙያ ላልሆነ ሰው ነው የማወራው።

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ላፕቶፕ ይዛችሁ ጥገና ቤት ብትገቡ መልሱ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ።» ዲስኩ ይጠረግና ሁሉም እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ፍላሹ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆነ? ፎርማት። ከዚያ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሰበረ ዊንዶውስ ይጫናል። አንዳንዴ ክራኩ ራሱ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ደግሞ፣ በኢንቴል በኩል፣ ባብዛኛው ከስምንተኛ ጄነሬሽን ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰር (የኮምፒዩተሩን አንጎል) ነው። እዚህ ከተማ «ሰባተኛ ጄነሬሽን ነው፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ እንደ አዲስ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ላፕቶፕ እንግዲህ ምን ይሁን? ማሽኑ እኮ ጤነኛ ነው።

ሊኑክስ እዚህ ላይ ይገባል፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ስርዓተ ክወና ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ተማሪ ሆኖ ነው የጀመረው። ለብዙ ጊዜ የኮምፒዩተር ሰዎች መጫወቻ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ይዞ መጣ፤ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። ያኔ ጭንቁ ከተጫነ በኋላ ነበር። ዋይፋዩ እምቢ ይላል። ዋይፋዩን ለማስተካከል ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋይ።

ዘንድሮ ለአክስቴ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩላት። ጡረተኛ መምህርት ናት፣ የእድራቸው ጸሐፊ። መጀመሪያ ሳንጭነው ከፍላሽ ላይ አስነስተን ሞከርነው፤ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ ታዩታላችሁ።

«ስታርቱስ?» አለችኝ።

«ያው ግራ ጥግ ላይ።»

ዋይፋዩ የይለፍ ቃሉን ጠይቆ ገባ። ፕሪንተሩን ሰካነው፣ ሲዲ ፍለጋ ሳንሄድ ስሙ ስክሪኑ ላይ መጣ። በቃ፣ የስብሰባ ጥሪዋን አተመች።

ያስቸገረን የድሮዎቹ የእድር ደብዳቤዎች ናቸው። ስንከፍታቸው አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ሆኖ ወጣ። «ይኸው፣ አበላሸኸው!» ተባልኩ። ጥፋቱ ግን የሊኑክስ አይደለም። በፓወር ግእዝ ዘመን የተጻፉ ናቸው፤ እነዚያ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ የሌለበት ዊንዶውስ ላይም ያው ነው የሚሆነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ ውስጥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዛሬ ሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይነበባል። ለመጻፍ ኪማን የሚባለውን የአማርኛ መተየቢያ ጫንኩላት፣ በስልኳ እንደለመደችው የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል እየመታች ትተይባለች።

ሁሉም ሰው ይቀይር ግን አልልም። ሥራችሁ በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ ወይም ቀኑን ሙሉ ፎቶሾፕ ላይ ከዋላችሁ እዚያው ቆዩ፤ ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ቴሌግራም፣ ብራውዘር፣ ደብዳቤና ፊልም ለሆነ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም። ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ አልፎ አልፎ ሰንጠረዥ ያዛንፋል እንጂ።

ታዲያ ለምን አልተለመደም? ለእኔ ችግሩ ያለው ጥገና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። ፒያሳ አንዱን ልጅ «ሊኑክስ ትጭናለህ?» ብዬው ነበር። «ብጭነውማ መቼ ትመለሳለህ?» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ እንጀራው ነው።

ስለዚህ ፋይላችሁን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ሚንትን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አዘጋጁ። መጫኑ ካስፈራችሁ ፍላሹን ይዛችሁ ሂዱና «ይሄን ጫንልኝ» በሉት። የፎርማቱን ሒሳብ ክፈሉት፣ አይከፋውም።