ከእጁ ያመለጠችው ሽጉጥ

እሺ... ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን። "ደግሞ ጆን ካዛል!" እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ደግሞ ካዛል፣ ያ ጎድፋዘር ላይ ፍሬዶን የተጫወተው ተዋናይ። ባለፈው ጀምሬ የተውኩት ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

ያቺን ትዕይንት እንመልሳት። ጎድፋዘር፣ ያ የማፊያ ቤተሰብ ፊልም፣ በፈረንጆቹ 1972። አባትየው ፍራፍሬ ሊገዛ ተሻግሯል፣ ልጁ ፍሬዶ መኪናው ጋ ቀርቷል። ሁለት ሰዎች መጡ፣ ተኩስ፣ ብርቱካኑ መሬት ላይ ተበተነ። ልጅየው ከመኪናው ወጣ፣ ሽጉጡን አወጣ... ከእጁ አመለጠችው። ሳይተኩስ! ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ አባቱን እየጠራ ያለቅሳል።

እጁን ብቻ እዩልኝ። ለተዋናይ ዕቃ መጣል ከባድ ነገር ነው። ሰውነት አስቀድሞ ያውቃላ! ዕቃው ሳይወድቅ ጣቶች ይላላሉ፣ ዓይን ቀድሞ መሬት ያያል፣ ተመልካች ደግሞ ምን እንደተበላሸ ባያውቅም ውሸቱን ይይዛታል። መላው መጣሉን አለመተወን ነው። አጥብቀህ ለመያዝ፣ ቶሎ ለመተኮስ ትታገላለህ፣ ሐሳብህ ሁሉ ተኳሾቹ ላይ ነው፣ ጣትህ ቦታውን ያጣል። ካዛል ያደረገው... እኔ እንደሚታየኝ ማለቴ ነው... ይሄንን ነው። ፍሬዶ መተኮስ ስላልፈለገ አይደለም የጣላት። በጣም ስለፈለገ ነው።

ዕቃ ካነሳን አይቀር፣ ብርጭቆ አለላችሁ። ፊልም ላይ አንዱ ትዕይንት ከሩቅም ከቅርብም ተደጋግሞ ይቀረጻል። ከሩቁ ሲቀረጽ "አይሆንም" የሚለው ቃል ላይ በቀኝ እጅህ ካነሳህ፣ ከቅርቡም እዚያው ቃል ላይ፣ በዚያው እጅ፣ መጠጡም በዚያው ልክ ሆኖ ማንሳት አለብህ። አለዚያ ኤዲተሩ መግጠም ያቅተውና ምርጡ ትወናህ ተቆርጦ ይቀራል። ለዋናው ተዋናይ እንደገና ይቀረጽ ይሆናል፣ ለትንሿ ሚና ግን ማን ጊዜ አለው? ለዚህ ነው የበሰሉት በአንድ ንግግር ላይ አንድ ድርጊት ብቻ የሚመርጡት።

ወዴት ሄድኩ... ካዛል። ከመድረክ የመጣ ሰው ነው፣ ከኦፍ ብሮድዌይ፣ ማለትም ከኒውዮርክ ትናንሽ ቲያትር ቤቶች፣ የዚያው መድረክ ሽልማት የሆነው ኦቢም አለው። የሠራው 5 ረጅም ፊልም ብቻ ነው። 5ቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጩ፣ 3ቱ አሸነፉ። እሱስ? አንዴም አልታጨም። በመጀመሪያው ጎድፋዘር የፍሬዶን ወንድም የተጫወተው አል ፓቺኖ፣ ጄምስ ካንና ሮበርት ዱቫል በደጋፊ ተዋናይነት ታጩ። በሁለተኛውም እንዲሁ 3 ሰው። 6 ቦታ ነበር እኮ!

የመጨረሻው ፊልም ላይ ታሞ ስለነበር የሱን ትዕይንቶች አስቀድመው ቀረጹለት። ፊልሙ ሳይወጣ፣ በፈረንጆቹ 1978፣ በ42 ዓመቱ አረፈ። የሳንባ ካንሰር።

በደል ነው ልል ነበር። ግን እንጃ... የካዛል ሥራ አብሮት የሚተውነውን ማጉላት ከሆነ፣ የሽልማቱ ዳኛ ጎልቶ የወጣውን ቢያይ ምን ይገርማል? ፓቺኖ ያን ያህል የሚያስፈራው ፊት ለፊቱ የሚፈራው ሰው ስላለ አይደል? ወይስ ይሄም ማባበያ ነው... አላውቅም።

ብቻ፣ መንገዱ ላይ የተመታው አባት ሆኖ የሚጫወተው ታላቁ ተዋናይ ማርሎን ብራንዶ ነው። ብራንዶ! እኔ ግን ትዕይንቱን በከፈትኩ ቁጥር የማየው ያንን ዳር ላይ የተቀመጠውን...